ሰንሰለቱ በየት በኩል ነው? ከኬሚሴ ሰንበቴ ደርሶ መልስ

ሰንበቴ፣ እሁድ ረፋድ

ግመሎቹ ሳይሸጡ ሲነሡ ነው የገባኝ።

የሰንበቴን ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል። አፋሮቹ ግመልና ፍየላቸውን ከቆላ ነድተው መጥተው አይቸኩሉም። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቁጭ ይላሉ፣ ገዢ ይመጣል ይሄዳል፣ እነሱ ዋጋ የሚቆርጡት ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ገበያው ገና ሳይሞቅ አንድ ሽማግሌ ተነሣና የግመሉን የጉልበት ገመድ ፈታ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው ፈታ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። ግመሎቹ እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ቆሙና ፊታቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። በርበሬ የምትሰፍረው ሴትዮ ጣሳዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ በርበሬዋን መልሳ ከረጢቷ ውስጥ ገለበጠችው።

ከረጢቱ የኛ ነው። ሰማያዊ ሰረዝ ያለበት፣ እኛ ፋብሪካ የተሰፋ። ልጄ ሰሚራ በዚያች ሰዓት ፋብሪካው ውስጥ፣ ስፌት ክፍል ነበረች። እኔ ሰንበቴ፣ እሷ ከኬሚሴ ወዲያ ጨፋ ዳር። መሀላችን ያለው አንድ አስፋልት ነው። እሱ ሊዘጋ እንደሆነ ከግመሎቹ አወቅሁ።

ኬሚሴ፣ የዚያኑ ዕለት ጎህ ሲቀድ

ከመነሻው ልጀምር። ከድጃ እባላለሁ። የከረጢት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ አጻጻፌ ካላማራችሁ እለፉኝ። የዚያን መንገድ ነገር ብዙ ሰው በየስልኩ ሲያወራው አየሁ፤ እኔ ግን ሄጄበታለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሱብሂ ሰግጄ፣ የማታውን ቂጣ በሻይ ከሰሚራ ጋር ቀማመስን። ቤታችን ሁለት ሰው ብቻ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እሷ ፈረቃ ስትገባ እኔ አንድ ኩባያ አጥቤ፣ አንድ ሰው የሚበላውን ሠርቼ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየሰማሁ እጠብቃታለሁ። የዛሬው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ሂያጇ እኔ ነኝ።

የፋብሪካው ፒካፕ በራችን ላይ ጡሩንባ ነፋ። ሾፌሩ አብዱ የኛው የከተማ ልጅ ነው። «አዴ ከድጃ፣ አከም ቡልተኒ?» አለኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብዬ ወጣሁ። ከፊት የተቀመጠው አቶ ዳዊት ነው፣ አዲሱ የሰው ሀብት ኃላፊ። ወርዶ ቦታውን ሊለቅልኝ ነበር፤ ከልጄ ጋር ከኋላ ይሻለኛል አልኩት። ሰሚራ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ዛሬማ ሹም ሆነሻል፣ በፒካፕ!» ብላ አሾፈችብኝ።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ፋብሪካው ካለፈው ግርግር በኋላ ሲከፈት ከነባሩ ሠራተኛ ብዙው አልተመለሰም። ክሩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል፣ መብራት ይጠፋል፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። አዳዲስ ልጆች ይቀጠራሉ፣ እጃቸው ማሽኑን ሳይለምድ ትንሽ ወሬ ሲሰማ ይበተናሉ። አቶ ዳዊት የተላከው ፋብሪካው ሠራተኛውን እንዴት እንደያዘና እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ይዞ መዝለቅ በምን እንደሚቻል አጥንቶ እንዲያቀርብ ነው። ቢሮ ተቀምጦ መገመት ይችል ነበር። እሱ ግን የቀሩትን ቤታቸው ሄጄ ልጠይቅ አለ፣ ይህን አልነፍገውም። እኔን የወሰደኝ ሴቶቹ ለማያውቁት ወንድ ስለማይናገሩና ሁለቱንም ቋንቋ ስለምችል ነው።

መጀመሪያ ሰሚራን ልናደርስ ወደ ጨፋ ዞርን። ጭጋጉ የቦርከናን ወንዝ ይዞ ተኝቷል፣ ማሽላው ከጭጋጉ በላይ ራሱን ብቻ ያሳያል። ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው ጋሼ ይመር ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣና «ነይ ግቢ፣ አለቃሽ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው» አላት። ገባች። ዞር ብላም አላየችኝ።

እኔ ያየሁት ሰንሰለቱን ነው። በበሩ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰንሰለቱን ለምን እንደማየው ልንገራችሁ። ባለፈው ጊዜ ተኩስ ሲሰማ የፋብሪካው ደንብ ተነበበልን፣ በክፉ ቀን ግቢው ከሰው ይጽዳ ይላል። ማሽኖቹን በላስቲክ ሸፈኑ። እኛን አስወጡን። በሩን ከውጭ በሰንሰለት ቆለፉና አለቆቹ ቁልፉን ይዘው በመኪና ሄዱ። ሠራተኛው በየአቅጣጫው ተበተነ። ሰሚራ ያን ጊዜ ገና አልተቀጠረችም፣ ቤት ነበረች። እኔ በማሽላው መሀል ብቻዬን እስከ ኬሚሴ ሄድኩ፣ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ እየቆምኩ፣ ሲተው እየሄድኩ። ከኋላዬ የሰማሁት የመጨረሻው የሰው ሥራ ድምፅ የሰንሰለቱ ነው። ቤቴ ገብቼም ደጋግሞ ይሰማኝ ነበር።

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ማለዳ

ከኬሚሴ ወደ ደቡብ ወርደን አንድ መንደር ገባን፤ ፓፓያና ሽንኩርት የሚበቅልበት፣ ግቢው ሁሉ በቁልቋል የታጠረ። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ዘይነብ ነች። ስፌት ክፍል አጠገብ ላጠገብ ነበር የምንሠራው። አሁን ማሾ ትዘራለች፣ ገበያ ቀን ፓፓያ ትሸጣለች።

ሰላምታዬን ተቀበለችኝና መኪናውን አየችው። «ከነሱ ጋር መጣሽ?»

ይህችን ቃል ስትናገር ፊቷ እንግዳ ሆነብኝ። በፋብሪካው ሰዎች መሀል ስቀመጥ የመንደር ሴት ነኝ፣ መንደር ስመጣ ደግሞ የፋብሪካው ሰው ነኝ። በዚያ መኪና ውስጥ ያለሁት ለማንም ሳልሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

ቢሆንም እንግዳ አይባረርምና ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልን፣ ፓፓያ ቆረሰችልን። አቶ ዳዊት ወረቀቱን አውጥቶ ጠየቃት። ደመወዙ እንዴት ነበር፣ ሰርቪሱስ፣ ሥልጠና ተሰጥቷት ያውቃል ወይ፣ የትርፍ ሰዓት በፈቃድ ነው በግድ። ለሁሉም አጭር አጭር መለሰች። በመጨረሻ ፋብሪካው ለሠራተኛው ያለውን አያያዝ ከአንድ እስከ አምስት ምልክት ስጪው አላት።

«ለደህናው ቀን ነው ለክፉው ቀን?»

«ለሁለቱም» አለ።

«ለደህናው ቀን አራት ስጠው። እውነቱን ነው፣ ደመወዝ አላቋረጡብንም። ለክፉው ቀን ግን ያ ቀን ሲመጣ መጥተህ ጠይቀኝ። ያለፈውማ፣ ብርድ እንዳይመታው ብለው ለማሽኑ ጋቢ ደርበውለት እኛን መንገድ ላይ ጣሉን።»

አብዱ ሳቀ። አቶ ዳዊትም ሳያስበው ፈገግ ብሎ መልሶ አቀረቀረ።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለችው። «ሰንሰለቱን አሁን በየት በኩል ነው የምታስሩት?»

ያኔ ስላልነበረ አልገባውም። መኪና ውስጥ እኔ አስረዳሁት። «ደንቡ እንዳለ ነው እትዬ ከድጃ። ይቀየር ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልስ አልመጣም» አለኝ።

ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ልጄን ማለዳ በራሴ እጅ ያስገባሁት ያው በር ነው፣ ያው ደንብ ነው።

ሰንበቴ፣ ገበያው

ገበያ ቀን ስለሆነ የቀሩት ሴቶች ብዙዎቹ እዚያ ይገኛሉ ብለን ነበር። አቧራ፣ የፍየል ጩኸት፣ የግመል ወተት በቅል፣ የእሸት በቆሎ ጭስ። አንዷ በቆሎ ሃያ ብር ገብታለች፤ አብዱ ከጠባሿ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ሁለት ገዛ፣ አንዷን ለኔ። ያገኘናቸው ሴቶች አንዳንዶቹ እኔን ስመው አቶ ዳዊትን ሲያዩ ሥራ አለብን አሉ። የተናገሩት ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር ነው ያሉት። ከገንዘቡ ይልቅ ያን ቀን ማን ደጅ እንደዋሉ ነው የሚያወሩት። አንዷ በማታውቀው ሰው በረት ውስጥ እንዳደረች ነገረችን፣ ሌላዋ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞራ እንደምትሄድ። አቶ ዳዊት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ይሰማ ጀመር።

ግመሎቹ የተነሡት ያኔ ነው።

አብዱ ሽማግሌውን አፋር ያውቀዋል፣ ፍየል ጭኖለት ያውቃል። ሮጦ ደረሰበትና ጠራን። እዚህ ላይ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት አላቸው፣ ዳጉ ይሉታል። የቸኮለ እንኳ ቢሆን ይቆማል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ያየውን ያየሁት ነው ብሎ፣ የሰማውን የሰማሁት ነው ብሎ ለይቶ ይናገራል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ይታፈርበታል። እኛ ኬሚሴዎች ይህን እናውቃለን፣ አናደርገውም እንጂ። እኛ ጋ ወሬ ከአፍ አፍ ሲዞር የሰማ ሁሉ አየሁ ይላል።

ሽማግሌው ቁጢጥ አለ፣ እኛም ቁጢጥ አልን። መጀመሪያ የኛን ጠየቀ። ማለዳ ያየነውን ነገርነው። እኔ ስለ ልጄ ስናገር አላቋረጠኝም። ከዚያ የሱን ተናገረ።

«እናንተ ካለፋችሁ በኋላ ልጄ በሞተር መጣ። ኬሚሴ ሳይደረስ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ እሱ አይቷል። የቆሙ መኪኖች አሉ፣ እሱንም አይቷል። ተኩስ አለ ይላሉ፣ እኔ አልሰማሁም፣ ልጄም አልሰማም። ስለ ፋብሪካ የማውቀው የለም።»

ተነሥቶ የግመሉን ገመድ ያዘና ወደኔ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ብዙ ይነገርሻል። ማን አየ ብለሽ ጠይቂ።»

አቶ ዳዊት ፒካፑ ጀርባ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጋ ደጋግሞ ሞከረ፣ አይገባም። ከዚያ የጥበቃው ቤት ስልክ ጠራ። እኔ ከሥር ቆሜ እሰማለሁ።

«ጋሼ ይመር፣ ልጆቹን እንዳታስወጣቸው። ዳዊት ነኝ። ደንቡን ተወው፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ መጋዘኑን ክፈትና…» ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። «ተቆረጠ።»

«ሰማዎት?» አልኩት።

«አላውቅም እትዬ ከድጃ።»

መልሶ መልሶ ደወለ። ስልኩ የለም ይላል። ከዚያ በኋላ የማንም ስልክ አልሠራም።

መንገድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ

ተመለስን። እስከ ዘይነብ መንደር መታጠፊያ ድረስ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ያ ባዶነቱ ነው የሚያስፈራው። ቀን ከሌት የጭነት መኪና የማይጠፋበት አስፋልት ላይ አንድ ውሻ መሀል መንገድ ተኝቶ ይጠብቀናል፣ ጡሩንባ ሲነፋ እንኳ አልተነሣም። መታጠፊያው ላይ ሰልፉን አገኘነው። ኤፍኤስአር፣ አይሱዙ፣ የመንገደኛ አውቶቡስ፣ ተከታትለው ቆመዋል። ሰው በየመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ውኃ በጠርሙስ የሚያዞሩት ዋጋ ጨምረዋል፣ ማንም አልተከራከራቸውም።

አንድ ባጃጅ ነጂ በጥርጊያ መንገድ ዞሮ ከኬሚሴ በኩል መጣ። ሰው ከበበው። እሱም ያወራል። ገበያው ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የከረጢት ፋብሪካው ሠራተኛውን በትኗል።

የባጃጁን ብረት ያዝኩ። «አየህ?»

«ሁሉም ሰው እያለ ነው።»

«አንተ አየህ ወይ ነው የምልህ።»

ፊቴን አየ። «አላየሁም አዴ» አለ በዝግታ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ሕፃን የምታጠባ ሴት ቀና አለች። ጠዋት መንገዱ ሊዘጋ ሲል በጨፋ በኩል በመኪና አልፋ ስትመጣ፣ ሁለት አረንጓዴ ጋውን የለበሱ ልጆች እዚያ በእግር ሲሄዱ እንዳየች ነገረችኝ። በዓይኗ። አረንጓዴ ጋውን የኛ ነው።

ይህ የተሰማ ወሬ አልነበረም፣ የታየ ነው። አፋሩ ባስተማረኝ ሚዛን ብመዝነው እውነት ሆነብኝ። ሁለቱ እነማን ናቸው? ሌሎቹስ? ከሁለቱ አንዷ ረዘም ያለች ነበረች ወይ ስላት፣ ከሩቅ ነው ያየሁት እህቴ፣ አለችኝ። እሷም ደነገጠች፣ ሳልጠይቃት ባትናገር እንደምትመርጥ ከዓይኗ አየሁ።

አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አብዱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ውኃ አስቀምጦልኝ ሄደ። አቶ ዳዊት ወዲያ ወዲህ ይላል። ያ ሁሉ ሰው ባለበት እንደዚያን ዕለት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ማሽላው ውስጥ ብቻዬን የሄድኩ ጊዜ እንኳ ልጄ ቤት እንዳለች አውቅ ነበር። ወደሷ ነበር የምሄደው። አሁን ወዴት እንደምሄድ የማላውቅ ሰው ሆንኩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የአገር ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ከፊሉ ጥምጣም ከፊሉ ነጠላ፣ በእግራቸው ወደ ድንጋዩ አለፉ። ማንም አልጠራቸውም። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ዛሬ አይሆንም፣ ድንጋዩን የደረደሩት ሰዎች አጠገብ ቁጭ ብለው ያድራሉ፣ ነገ ኢንሻአላህ፣ ተባለ።

ሌሊቱን ዘይነብ ቤት አደርን። እንዴት እንዳደርኩ አልጽፈውም። ዘይነብ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ፣ ለወንዶቹ መደቡ ላይ አነጠፈች፣ ጠዋት የተናገረችኝን ቃል አንድም ጊዜ አላነሣችም። እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ጎኔ ቁጭ ብላ አየኋት። አፋሩ ያለኝን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

ጠዋት ድንጋዩ ተነሣ ሲባል እስከ መኪናው ሸኘችኝ። «በሩን አይተሽ ደውይልኝ» አለችኝ። «የነገሩሽን አይደለም። ያየሽውን።»

ጨፋ፣ ሰኞ ማለዳ

ኬሚሴን ስናልፍ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን ገልብጠዋል። ሰው በየበሩ ቆሞ አንገቱን ብቻ ያወጣል። በቤቴ መታጠፊያ አለፍን። አብዱ በመስታወት አየኝ፣ ልቁም ወይ ማለቱ ነው። ቀጥል አልኩት። ልጄ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ቤት ገብታ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል፣ ግን በሩን ከፍቼ ባዶውን ለማየት አልደፈርኩም። መጀመሪያ ፋብሪካውን።

ጨፋ እንደ ትናንቱ ነው። ያው ጭጋግ፣ ያው ማሽላ፣ ነጫጭ ወፎች ከብቶች መሀል። ምድሪቱ ምንም እንዳልሆነ ሆና ስትውል ትገርማለች። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ይዞ መንገድ ሲሻገር አብዱ ቆመለት፣ «ነጋ?» አለው፣ «ነጋ» አለ ሰውየው። እኔ እዚያች ደቂቃ ላይ በሬዎቹን ወርጄ ልገፋቸው ነበር።

አቶ ዳዊት ፊቱን ሳይመልስ፣ አስወጥተዋቸው ከሆነ ሥራዬን እለቃለሁ አለ። እሱ ሥራ ቢለቅ ለኔ ምን ይረባኛል።

መኪናው ሳይቆም ወረድኩ ማለት ይቻላል። በሩን አየሁት። ከውጭ በኩል ሰንሰለቱ የለም። ትናንት ማለዳ የተንጠለጠለበት ብረት ባዶውን ነው። ይህ ደግ ነው ክፉ? ሰንሰለቱን ወስደው ሄደው ይሆን? ማሽን አይሰማም፣ የሰው ድምፅ አይሰማም። በመዳፌ በሩን መታሁት።

«ማነው?»

«ከድጃ ነኝ። የሰሚራ እናት።»

ከዚያ ሰማሁት። ያ ድምፅ ነው፣ የሰንሰለቱ፣ ቀለበቱ በብረቱ ላይ ሲንሸራተት። ከውስጥ ነው። ከውስጥ ሲፈታ ነው።

ጋሼ ይመር በሩን ገርበብ አደረገና ሦስታችንንም አስገብቶ መልሶ አሰረው። ግቢው ውስጥ የካፍቴሪያው ትልቁ ድስት ድንጋይ ላይ ተጥዷል፣ ማሾ ይፈላል። መጋዘኑ በሩ ክፍት ነው፣ ልጆቹ በታሰረ ከረጢት ላይ ረድፍ ረድፍ ሆነው ተኝተዋል፣ ገና እየተነሡ ነው። አንዷ ብን ያለ ክር ፀጉሯ ላይ እንደተጣበቀ ዓይኗን እያሸች መጣች።

«እማ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

ምን እንደሆነ ልነግራት አልቻልኩም። ጋውኗን ይዤ አለቀስኩ። ጓደኞቿ ፊት አፍራብኝ «በይ ተይ፣ እኔ ምን ሆንኩ» ትላለች፣ እጇ ግን ትከሻዬን አልለቀቀም። ያች የምታጠባዋ ሴት ያየቻቸው ሁለት ልጆች ቤታቸው ከፋብሪካው ጀርባ የሆነ እህትማማቾች ናቸው፤ አባታቸው መንገድ ላይ ሊቀበላቸው ወጥቶ ነበር። ሴትዮዋ ያየችውን ነው የነገረችኝ። የቀረውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

አቶ ዳዊት ጋሼ ይመርን ጠየቀው። «ስልኬን ሰምተኸው ነበር?»

«ሰምቼው ነበር። ‹ጋሼ ይመር፣ ልጆቹን› አሉና ጠፉ። ደንቡን ሊያስታውሱኝ መሰለኝ።»

«እና?»

«እናማ ባልሰማው ይሻላል ብዬ ስልኩን አጠፋሁት።»

አብዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መኪናው ዞረ። ጋሼ ይመር ግን አልሳቀም። «ያን ጊዜ ሰንሰለቱን ያሰርኩት በዚህ እጄ ነው» አለ። «እነ ከድጃ ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። ሁለተኛ አላደርገውም። ቁልፉን ለልጆቹ ሰጠሁ፣ ያዙት፣ ራሳችሁ ክፈቱ ራሳችሁ ዝጉ አልኳቸው። ማሽኑን አልሸፈንኩትም፣ አቧራ ቅሞ ይሆናል። የሚቀጣኝ ካለ እዚሁ አለሁ።»

አቶ ዳዊት ከረጢት ክምር ላይ ተቀመጠ። ሊያጠናው የመጣውን ነገር ያለሱ ሠርተው ጨርሰውታል። ቆይቶ፣ ይህንኑ እንዳየሁት እጽፋለሁ፣ ደንቡም ይለወጥ እላለሁ፣ ይመርን ከነኩት እኔም አብሬ ነኝ አለ። ይህን ሲል ሰምቼዋለሁ። ሲፈጽም ገና አላየሁም፣ ስለዚህ እንደ ሰማሁት ብቻ ያዙልኝ።

ኬሚሴ፣ ቤቴ

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ ዘይነብ ጋ ደወልኩ።

«አየሁት» አልኳት። «ከውስጥ ነው።»

«ማን አሰረው?»

«ይመርና ልጆቹ።»

«ፋብሪካው አይደለም እንግዲህ።»

«እሱ ገና ነው።»

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ለክፉው ቀን ምልክቱን ለይመር ይስጠው» አለች። «ፋብሪካው ሰንሰለቱ ከውስጥ ይሁን ብሎ የጻፈ ዕለት እመጣለሁ። በይ ልጅሽን ሳሚልኝ።»

ሳምኳት። ተኝታ ነበር፣ ገላዋን ዞር አደረገች። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ መወርወሪያውን የወረወርኩት እኔ ነኝ፣ ከውስጥ። መንገዱ ላይ አንድ ጭነት መኪና አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላ። ኩባያዎቹን አጠብኳቸው፣ ሁለቱንም። ነገ ፋብሪካው ሲጠራን ምን እንደምል አላውቅም፣ ፍርሃቴም አልለቀቀኝም። ግን ደርሻለሁ። ልጄ ከጎኔ ናት። ደህና ነን።